ሞተሩ ሳይሞቅ

ውድ ጋሼ፣

አድራሻህን የሰጠችኝ አክስታችን ናት። እንዳትቆጣት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨቅጭቄያት ነው። ደብዳቤውንም ሳትጨርሰው እንዳትቀደው። የምጽፍልህ ስለ መኪና ነው፤ የመኪና ወሬ ደግሞ ጀምረህ እንደማትተው አውቃለሁ።

እማዬ ኩላሊቷ ደክሞ በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ትገባለች። ስትወጣ እግሯ አይጸናም፤ አውቶቡስ ላይ ተጋፍታ መሄድ አትችልም። ስለዚህ የግድ መኪና መግዛት ነበረብኝ። መኪና መግዛት ለምን እንደሚያስፈራኝ ታውቃለህ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ሁላችንም «ጨዋው» የምንለው ጓደኛህ መኪናውን ሲሸጥልህ ኮፈኑን እንኳ አልከፈትክም። የሰፈሩን ሞተር ሁሉ የምትመረምረው መካኒክ፣ የጓደኛህን መመርመር ነውር ሆነብህ። «ምን ይለኛል?» አልከኝ። በወሩ አባዬን ልቡን አሞት ሐኪም ቤት ስንወስደው መኪናው ሞቆ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። አንተ ውኃ ፍለጋ ስትሮጥ ከኋላህ የጮህኩትን አልረሳሁትም። «ያንተ ይሉኝታ አባታችንን መንገድ ላይ አስቀረው» አልኩህ። አባዬ በማግስቱ አረፈ። ከቀብሩ በኋላ አንተም ወደ ቤት አልተመለስክም።

አሁን ደግሞ መኪና ሊሸጡልኝ የመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የእጥበት ክፍሏ ሲስተር፣ የእማዬን ክንድ እንደ ገዛ እናታቸው ክንድ የሚይዙት ሴትዮ። ትንሽዬ፣ ንጹሕ የቤንዚን መኪና አላቸው። «ለእናትሽ ከሆነ ለሌላ ሰው አላሳየውም» አሉኝ። እንግዲህ በእሳቸው ፊት ኮፈን ከፍቶ መፈተሽ ምን እንደሚመስል አስበው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ሰላምታውን ሳልጨርስ እጄን ኮፈኑ ላይ አደረግኩ። ልጅ ሆኜ ባትሪ ሳበራልህ በዚህ ልማድህ ስንት ጊዜ ስቄብሃለሁ፤ አባዬም «ይሄ ልጅ ከሰው በፊት ብረት ይሳለማል» ይል ነበር። ኮፈኑ ሞቋል፤ «የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል» ትለኝ ነበር።

«ዳቦ ልገዛ አንዴ ወጣ ብዬበት ነበር» አሉ ሲስተር።

«እንግዲያው ሞተሩ ሳይነሳ ነገ ልምጣ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው፣ አላመንሽኝም እንዴ?»

«ኧረ ግድ የለም» ብዬ ቁልፉን ልቀበል ምንም አልቀረኝም። ያን ጊዜ አባዬ ከኋላ ወንበር ላይ ደረቱን ይዞ ታየኝ።

«ሲስተር፣ እማዬ ደህና ነኝ ስላለችዎት ብቻ የደም ግፊቷን ሳይለኩ ማሽኑን ከፍተውባት ያውቃሉ?»

«ነይ ነገ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቀዝ ብሏል።

በማግስቱ ኮፈኑ በረዶ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቤ ከስፌት ቤቴ በያዝኩት ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ጠረግኩት። ዘይቱ ጠቁሯል እንጂ አልጎደለም። የዘይቱን ክዳን ከፍቼ ውስጡን በጣቴ ዳበስኩ፤ ውኃ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል የሚታየው ወተት መሳይ አረፋ የለም። ሲስተር ሲያስነሱት ከኋላ ቆሜ ጭሱን አየሁ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል ብለኸኛል። ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጣና ጠፋ። ድምፁም እንደ ስፌት መኪናዬ ወጥ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይጨባበጥ ነበር። አንተ ግን «ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የራዲያተሩ ፋን ሲዞር በዓይንሽ ሳታዪ ከሞተሩ እንዳትለዪ» ትለኝ ነበር። ጠበቅኩ። ሲስተር ሰዓታቸውን አዩ። እኔም አፍሬ መሬት መሬቱን እያየሁ ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሀል አልፎ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ፋኑ ንቅንቅ አላለም።

«ያጥፉት ሲስተር፣ አሁኑኑ» አልኩ።

ሲስተር እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቁም። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ገበያ ነው የሚነዱት፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይደርሳሉ። «ባለፈው ወር እኮ ልጆቼን ጭኜ ሩቅ አገር ልሄድበት ነበር» አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አልዋሹኝም ነበር። ምናልባት ጨዋውም አልዋሸህም ይሆናል፤ ይህን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

የተበጠሰች አንዲት ሽቦ ነበረች። ኤሌክትሪሻን ቀጠላት። በሦስተኛው ቀን ከቀዝቃዛው እንደገና ጀመርኩ፤ በዚህ ጊዜ ሲስተርም ከጎኔ ቆመው ጠበቁ። ፋኑ ሲነሳ ከእኔ ቀድመው አጨበጨቡ። ገዛሁት።

አሁን ደግሞ አራት ዓመት የደበቅኩህን ልንገርህ። አባዬን ያየው ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ «ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብትመጡም ያው ነበር፤ ልቡ አልቆ ነበር» ብሎኛል። ተናድጄብህ ስለነበር ዝም አልኩ። ንዴቴ ሳይበርድ ሄድክ፤ ከበረደልኝ በኋላ ደግሞ ፈራሁ። ያላጠፋኸውን ጥፋት አሸክሜህ ኖርኩ። ይቅር በለኝ። አልልሽም ካልክም መጥተህ ፊቴ ላይ ንገረኝ፤ በአክስታችን በኩል የሚመጣ መልስ አልቀበልም።

ሐሙስ እማዬን ከፊት አስቀምጬ ሆስፒታል ወሰድኳት። «ማን አየልሽ ይሄን መኪና?» አለችኝ። «ጋሼ» አልኳት። እስክንደርስ ድረስ እጇን ከጉልበቴ ላይ አላነሳችም።

ዘይቱ መቀየር አለበት። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም፤ አንተን እየጠበቀ ነው። እሁድ እሁድ መኪናውን አላስነሳውም። በሩን ስትገባ ሰላምታውን ለኋላ አቆየውና መጀመሪያ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። ቀዝቅዞ ታገኘዋለህ።

ባትሪ ያዥህ፣
ታናሽ እህትህ