«ጣት አይዋሽም»

ውድ እትዬ ጠብታ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ወንጀል እናዘዛለሁ፤ ቢቻልዎ ተቀምጠው ያንብቡት። ከአምስት ወር በፊት የክትባት በረዶ ሣጥንዎን በረንዳችን ላይ አውርደው ውሃ ሲጠጡ፣ ከቦርሳዎ የጎን ኪስ ወይን ጠጅ ማርከር የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ቦርሳዎን ገልብጠው ሲፈልጓት እኔም ጎንበስ ብዬ አብሬዎት ፈልጌያለሁ። እንዲያውም «ዘንድሮ ሌባ በዛ» ብዬ ከእርስዎ ጋር አዝኛለሁ።

ማርከሯን የፈለግኳት ለአያቴ ነበር። እንደሚያውቋቸው ከምሳ በኋላ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚተኙት። እስከ ጆሯቸው ድረስ የተጠማዘዘ ሪዝ ሣልኩላቸው። ያ ቀለም ደግሞ ሳሙና አይፈራም። ሁለት ቀን ሙሉ ሰፈሩ እየሳቀባቸው፣ እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው «ሰው ሁሉ ፊቱ ፈክቷል፤ ምን ደስ የሚል ነገር ሰምቶ ነው?» ይሉኝ ነበር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ።

የክትባት ጠብታውን የወሰደ ልጅ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጥፍሯ ላይ በዚያች ማርከር ትቀባለች። እናቶች «ወስዷል፣ የለም አልወሰደም» እያሉ ሲምታቱብዎት፣ እርስዎ የልጁን እጅ ብድግ ያደርጉና «ሰው ይዋሻል፣ ጣት አይዋሽም» ይላሉ። ይህን አባባልዎን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ አባባል ስሰማ ቀዳዳው የት እንዳለ መፈለግ ልማዴ ነው።

የክትባቱ የመጀመሪያ ዙር ቀን እማዬ ወደ ልብስ ስፌቷ ስትሄድ «እትዬ ጠብታ ሳይመጡ ከዚህ ቤት ንቅንቅ እንዳትይ!» አለችኝ። ትምህርት ቤታችን ለዋንጫ የሚጫወተው ያን ቀን ነበር። እርስዎ ደግሞ፣ አይቀየሙኝና፣ በየበሩ ምክር ስለሚያበዙ እኛ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋም ይሰለቻታል። ስለዚህ የወንድሜን ጥፍር ቀባሁት። ገና ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው፤ ደስ አለው። ሌሎቹን ጣቶቹን ዘርግቶ «ይኼም! ይኼም!» አለኝ።

«ሕጉ አንድ ጣት ብቻ ነው» አልኩት።

ለአያቴ «ገበያው መግቢያ ላይ አጠጥተውታል» ብዬ ሮጥኩ። ሲመጡ አያቴ እጁን እንዳነሱልዎ፣ እርስዎም አባባልዎን ብለው በራችን ላይ በጠመኔ ምልክት እንዳደረጉ ማታ ነገሩኝ። ከወር በኋላ በሁለተኛው ዙርም ያንኑ አደረግኩ። ያን ቀን ጨዋታ እንኳን አልነበረም። ውሸት አንዴ ካዋጣ እንደ አሮጌ ጫማ ይመቻል።

ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ በሽታው መኖሩንም አላመንኩም ነበር። አያቴ ስለ ድሮ ሲያወሩ ግማሹ አንበሳ ነው፣ ግማሹ የልጆችን እግር የሚያሽመደምድ ልምሻ። አንበሳውን አይቼው ስለማላውቅ ሁለቱንም ተውኳቸው።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ አንድ ማክሰኞ ዕለት ወንድሜን አተኮሰው። ሐሙስ ጠዋት ከአልጋ ወርዶ ሊቆም ሲል ወደቀ። አያቴ «ሰነፍ ነው፤ በእህቱ ወጥቷል» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። እንደገና ሊነሳ ሞከረ፣ እንደገና ወደቀ። ቀኝ እግሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ነበር። ያን ሳቃችንን እስከዛሬ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ሆስፒታል ዶክተር መነጽር ተቀበሉን። በየወሩ ከድልድዩ ላይ ወደ ፍሳሹ ቦይ በገመድ ጠርሙስ የሚያወርዱት ሰውዬ ናቸው፤ እኔ «ዓሣ አጥማጁ» ነበር የምላቸው። ይኸን ሁሉ ዘመን ተምሮ የሰው ቆሻሻ የሚያጠምድ ሰው፣ እያልኩ ጓደኞቼን አስቄያለሁ። ለካ ቫይረሱ አንጀት ውስጥ ስለሚኖር ከእኛ ቀድመው ሊያገኙት ነበር የሚለፉት። ከወንድሜ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ሰገራ ተወስዶ በበረዶ ተጭኖ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ።

«ልጅን እንዲህ የሚያደርገው ፖሊዮ ብቻ አይደለም» አሉን። «የእሱ ዘመድ የሆኑ ሌሎች የአንጀት ቫይረሶችም አሉ። ውጤቱን እንጠብቅ።»

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ከዘመዶቹ አንዱ ይሁን ብዬ ጸለይኩ። እትዬ፣ ሰው ቫይረስ አማርጦ ሲጸልይ ሰምተው ያውቃሉ?

ፖሊዮ ነበር።

እማዬ «መድኃኒቱስ?» አለች። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። መድኃኒት የለውም፤ የሚቻለው አስቀድሞ መከላከል ብቻ ነው አሉ። ቀጥለው «ከሁለት መቶ የተያዙ ልጆች እግሩን የሚመታው አንዱን ገደማ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሳያውቁት ይዘውት የሚሮጡት ናቸው። ለመሆኑ ጠብታውን ስንት ጊዜ ወስዷል?» አሉ።

«የሕፃንነቱ የክትባት ካርድ ቤት ስንቀይር ጠፋ፤ በዚያው አላስጨረስኩትም» አለች እማዬ። «የዘንድሮውን ግን ሁለቱንም ዙር ወስዷል! እትዬ ጠብታ ጣቱን አይተዋል!»

ዶክተሩ «ሁለቴ የወሰደ» ብለው ጻፉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የብዕሩን ጫፍ አየሁ።

የቀረውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጤና ጣቢያው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ያ ድምፅ ማጉያ ሳይኖር በድምፅ ማጉያ የሚናገረው ተቆጣጣሪ «ወይ ክትባቱን በሙቀት አበላሽተውታል፣ ወይ ሳያጠጡ ቀብተዋል! አንዱን ይምረጡ!» አለዎት። እርስዎ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁረውን የጠርሙሱን ምልክት አሳዩት፤ አልጠቆረም ነበር።

«እንግዲያው ጣቱን ማን ቀባው?»

«እኔ አልቀባሁም፤ ተቀብቶ ነው ያገኘሁት።»

«ማን ቀባው ነው የምልዎ!»

ያኔ ወደ እኛ አግዳሚ ዞሩ። እማዬን ነበር ያዩት፤ በአንዲት ቃል እንድትረዳዎ። እማዬ ወንድሜን አቅፋ ታለቅሳለች። እኔ ጫማዬን አየሁ። አያቴ «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል እትዬ፤ ሽታው እኔኑ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። የበረዶ ሣጥኑን ከትከሻዎ ሲያወርዱት የማንጠልጠያው ምልክት ልብስዎ ላይ ቀርቶ ነበር። ዓይኔን ያነሳሁት ጀርባዎን ሲሰጡን ነው።

ሣጥኑን አስረክበው ወደ እህትዎ ቤት ከሄዱ ወዲህ ሰፈሩ «ውሃ ነው ስታጠጣን የኖረችው» ይላል። ጎረቤታችን የመንትዮቹ እናት «ሞቼ ነው ከእንግዲህ ልጆቼን የማስነካው!» ብላ በሯን ዘግታለች። ሦስተኛው ዙር ነገ ነው። ዶክተር መነጽር ደግሞ ክትባቱ እዚህ ለምን አልሠራም ብለው አርባ ልጆች አሰልፈው ደም እየወሰዱ የመከላከል አቅማቸውን እየለኩ ነው። ልጆቹ መርፌውን አይተው ሲጮኹ እሰማለሁ። የዚያ ሁሉ ጥናት የመጀመሪያ መስመር የኔ ውሸት ነው።

የወንድሜ እግር እንደነበረ አይመለስም፤ የብረት ድጋፍ ይሠራለታል ተብሏል። አሁን ቁጭ ብሎ እየተጎተተ ነው ቤቱን የሚዞረው። ውጭ ልጆች ሲሯሯጡ ሲሰማ በቅጽል ስሜ ጠርቶ «ፌንጣ፣ እሽኮኮ» ይለኛል። ትከሻዬ ላይ አውጥቼ እሮጥለታለሁ። ከላይ ሆኖ «ቀደምኳቸው!» ይላል።

እማዬ አታውቅም። በየቀኑ እግሩን በዘይት እያሸች እርስዎን ትረግማለች። ዘይቱን የማቀብላት እኔ ነኝ። «አሜን በይ» ትለኛለች፤ አሜን እላለሁ።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጠይቅዎትም፤ ለዚያ ገና ፊት የለኝም። ነገ ጠዋት ቡድኑ ሳይወጣ ጤና ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ። ለዶክተሩም፣ ለዚያ ጯሂም፣ ለመንትዮቹ እናትም ወንድሜ በዚህ ቤት አንዲትም ጠብታ እንዳልቀመሰ እነግራለሁ። ከፈራሁና ከቀረሁ ይህን ወረቀት ይዘው ይምጡና በሕዝብ ፊት ያንብቡት። ፊርማዬን ከታች አደርግና

እዚህ ላይ ስደርስ እማዬ ጠራችኝ። «ፌንጣ!»

በሩ ላይ ናት፤ ወንድሜን አዝላዋለች። ዛሬ ከሥራ ቀድማ መጣች። «ለማን ነው እንደዚህ አቀርቅረሽ የምትጽፊው?» አለችኝ።

«ለእትዬ ጠብታ» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ለዚያች? ምን አለሽና ነው ለእሷ የምትጽፊው?» እጇን ዘረጋች።

ወረቀቱን መዋጥም፣ መቅደድም፣ በመስኮት መወርወርም እችል ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ነገር እጄ ፈጣን ነው። እጇን አልመለሰችም። ስሜን ደግማ ጠራችው፤ አሁን ቀስ ብላ ነው።

እትዬ፣ ከእርስዎ በፊት እሷ ታንብበው።