ልጅሽ አላኮረፈችም

ለእናቴ የመጨረሻ ልጅ፣ ለታናሿ እህቴ፤

ከሁሉ በፊት የጉልበትሽን ነገር ንገሪኝ። ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል ወይስ ቅባቱ ረዳሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ጆሮዋ ከብዷል ብለሽኝ ነበር፤ እውነት ከብዷት ነው ወይስ እንደ ድሮው የማትፈልገውን ብቻ ነው የማትሰማው? ባለቤትሽስ ሳሉ ለቀቀው? ወንዱ ልጅሽስ ጫማውን አሁንም ግራና ቀኝ እያቀያየረ ነው የሚያደርገው? ይህ ወረቀት ሁላችሁንም በጤና ያግኛችሁ።

እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። የእኔ ወገብ ለልብስ ሰፊ ወገብ ደህና ነው። ባለቤቴ ያው ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ይውልና ማታ ተሳፋሪውን ሲያማ ያመሻል። የስፌት ቤቱ ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። ለአከራዩ ብነግረው "ዝናቡ ሲያቆም እሱም ያቆማል" አለኝ፤ እውቀቱ አይገርምሽም? ስለዚህ ባልዲ ደቅኜ ነው የምሰፋው። እኔ ዘንድ ያለችው ልጅሽ ግን ከሁላችንም ደህና ናት። የሰፋሁላት ቀሚስ ጠቧት ጎኑን ፈትቼ አስፍቼዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን የኛን ስልክ ታውቂዋለሽ። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ነገሩ ወገቡ ላይ ሳይደርስ ሂሳቡ ያልቃል። ደብዳቤ ሲሆን ግን እስክጨርስ አታቋርጪኝም።

ባለፈው ያልሽኝ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። "ልጄን የላክሁልሽ ፊደል እንድትቆጥር እንጂ ከበሽተኞች ጋር እንድትደረደር አይደለም፤ ትምህርት ሲዘጋ ጠቅልለሽ ላኪልኝ፣ ሁለተኛም አትመለስም" ነው ያልሽኝ። ወሬውን ማን እንዳደረሰሽም አውቃለሁ፤ ዘመድ ጥየቃ እዚህ መጥታ የነበረችው ጎረቤትሽ ናት። ልጅቷን ከትምህርት ቤት ልቀበል ስሄድ አብራኝ ሄዳ፣ በሩ ላይ "የልዩ ፍላጎት ትምህርት ድጋፍ ክፍል" የሚለውን አንብባ፣ እግሯን ሳታስገባ ከንፈሯን መጥጣ ተመለሰች። አልፈርድባትም። እኔም መጀመሪያ ያንን ጽሑፍ ሳይ ልመለስ ብዬ ነበር። ልዩነቱ እኔ ገባሁ።

ውስጡን ልንገርሽ። ሰፊ ክፍል ነው፣ በሁለት በኩል መስኮት አለው። ልጅሽ ፊደል መለየት ስላቃታት ጠዋት እዚያ ትማራለች፤ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ከሌሎቹ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር ተቀላቅላ ትውላለች። አንዱ ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው፤ በሂሳብ የሚደርስበት የለም፣ በምላስም እንዲሁ። ሌላው ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፤ ለእሱ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ምንጣፍ ተነጥፎለታል፣ ሲከብደው ሄዶ አረፍ ይልና ራሱ ተመልሶ ይመጣል። የማትሰማ ልጅ አለች፣ በእጇ ነው የምታወራው፤ የልጅሽ የልብ ጓደኛ ናት። ለሰው ሁሉ የእጅ ስም ታወጣለች። የልጅሽ ስም ጣትን ከዓይን ጎን ማድረግ ነው። የእኔ ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አራት ጣትና አውራ ጣት እየገጠሙ መክፈትና መዝጋት፣ ልክ እንደማያርፍ አፍ! ሳልነግራት እንዴት አወቀችኝ?

መምህሯ ልጅ እግር ናት፣ ግን ረጋ ያለች። ትምህርቱ ምን እንደሆነ ስታስረዳን ብዙ ነገር ነበር ያለችው፤ እኔ በራሴ ሙያ ነው የገባኝ። ደንበኛ ልብሱ ቢጠበው ሰውየውን አልቆርጠውም፤ ስፌቱን ነው የምፈታው። እዚያም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ልጁን ይለካሉ፣ ምን እንደሚችል፣ የት ላይ እንደሚይዘው። ከዚያ ትምህርቱን በልኩ ይሰፉለታል።

አሁን ተቀመጪ፤ ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ማለቴ ነው።

ልጅሽን ቤት ውስጥ ምን ብለን እንደምንጠራት ታውቂያለሽ፤ "አኩራፊዋ"። ሰው ሲያናግራት ፊቷን ወደ ግራ ትመልሳለች፣ ስትጠሪያት ዞር ትላለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኩርፊያ ነው ያልነው። እዚህም ከመጣች ወዲህ ፀባይዋን ሳላስለቅቃት አልልካትም ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ቤተሰቦችን ጠራን። በልጆቹ ወንበር ላይ አስቀመጡን፤ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ብታዪን! መምህሯ ዛሬ ተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ አለችና ለእያንዳንዳችን የተለያየ ነገር ሰጠችን። የአንዱን ጆሮ በጥጥ ደፈነች። ሌላዋን ወፍራም ጓንት አልብሳ ጻፊ አለቻት። ለእኔ የደረሰኝ መነጽር ነው፣ በሁለቱም መስታወት መሃል ጥቁር ክብ ወረቀት ተለጥፎበታል። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ አለችኝ። ቀጥ ብዬ አየሁ፤ ጥቁር ብቻ ነው። ወደ ፊት ሰገግ አልኩ፤ ጥቁሩም አብሮኝ ሰገገ። ከዚያ አንገቴ ሳላዘው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ፣ ፊደሎቹም በቀኝ ዓይኔ ጥግ ብቅ ብቅ አሉ። ማንበብ ስጀምር አጠገቤ የነበረችው እንቁላል ነጋዴ "ምነው እትዬ፣ ከግድግዳው ጋር ተኳረፉ እንዴ?" አለችኝ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።

መነጽሩን አውልቄ መምህሯን አየኋት። እሷም እያየችኝ ነበር። "እኔም ከመጣች ጀምሮ አንገቷን ስከታተል ነበር፤ እንዲሁ ብነግርዎት ልማዷ ነው ይሉኝ ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እል ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ የልጅቷ ዓይን መሃሉ የተጎዳ ነው፣ ዳር ዳሩ ግን ያያል አለ። እዚያ የገዛችሁላት መነጽር ያልጠቀማት ለዚህ ነው። ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አይድንም፣ ግን መጠቀም ትማራለች አለኝ። ይህን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። ቃሉን ሳላሳምር የጻፍኩልሽ ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ስለሚሻል ነው። አልቅሺ፣ እኔም አልቅሻለሁ። ከዚያ ግን ፊትሽን ታጠቢና ቀጥሎ ያለውን አንብቢ።

እማዬ አገጯን ይዛ "ሰው ሲያናግርሽ ፊት ለፊት እዪ" ስትላት፣ አንቺ ፎቶ ስንነሳ አንገቷን ስታቃኚ፣ እኔም ፀጉሯን ስሠራ ጭንቅላቷን ቀጥ ሳደርግ፣ የምታይበትን መስኮት ነበር የምንዘጋባት። ማናችንም በክፋት አላደረግነውም። ጨዋ ልጅ እናሳድጋለን ብለን ነው። እሷ ደግሞ ታዛዥ ስለሆነች ፊት ለፊት እያየች ምንም ሳታይ ቆማ ትሰማናለች።

ከሐኪሙ ስንመለስ በባለቤቴ አውቶቡስ ነው የመጣነው። ከጀርባው ተቀምጠን እያለን ቀስ ብላ "አክስቴ፣ ታዲያ እንደዚህ ማየት ነውር አይደለም?" አለችኝ። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ "እኔ ቀኑን ሙሉ በጎን መስታወት አይደል እንዴ የማየው? ነውር ቢሆን መንጃ ፈቃዴን በነጠቁኝ ነበር" አላት። ያንን ሰውዬ አንዳንዴ አንድ ቁም ነገር ያመልጠዋል።

አሁን ክፍል ውስጥ በግራ በኩል፣ በመስኮቱ አጠገብ ነው የምትቀመጠው፤ ሰሌዳው በቀኟ እንዲውልላት። ጠረጴዛዋ ላይ ወደ እሷ ዘንበል ያለ ጣውላ አለ፣ ደብተሯን እዚያ ላይ ታስደግፋለች። ፊደሉን በወፍራም ብዕር፣ ተለቅ አድርገው ነው የሚጽፉላት። ተአምር ሆነ አልልሽም። ቀስ እያለች ነው፣ ስትደክምም ራሷን ያማታል፣ አንዳንድ ቀን ደብተሯን ትወረውራለች። ግን ታነባለች። እኔም ልብስ ላይ የማንጠለጥላቸውን ወረቀቶች በወፍራሙ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በየተራ ትጠራልኛለች፤ "ሱሪ፣ ይጠር። ኮት፣ ዚፕ። ቀሚስ፣ ይስፋ።" ባለፈው አንዱን አነሳችና "አክስቴ፣ ይህኛው ትናንት መድረስ ነበረበት" አለችኝ። ማንበብ አስተምረን አለቃ አመጣን።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለዕረፍት ትመጣለች፣ ይህ መብትሽ ነው፣ እናንተም ናፍቃችኋታል። ግን ጠቅልላ አትምጣ። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ነው፤ ማን ነው አንገቷን የሚያይላት? ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ እንዳይያዝባት ተመዝግባለች። እናቷ አንቺ ነሽ፤ ትቅር ካልሽ ሄጄ አሰርዛለሁ። ብቻ ከመወሰንሽ በፊት የእጅ ጽሑፏን ይዛልሽ ትመጣለች፣ እሱን እዪ፤ በቃሌ አትመኚ፣ በጎረቤትሽም ቃል እንዲሁ።

እማዬን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤም ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ አልሰማሁም እንዳትል። እጇ ከልጅቷ አገጭ ይራቅ። ለባለቤትሽ ብዙ ሰላምታ፤ አንድ ወፍራም ጥቁር ብዕር ገዝቶ ይጠብቃት። ወንዱ ልጅሽን እቀፊልኝ፤ ኳስ ሲወረውርላት ከቀኟ ይሁን፣ "አኩራፊዋ" ማለትም ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል በይው። ለጎረቤትሽም ሰላም በይልኝ፤ ሌላ ጊዜ ስትመጣ በር ላይ አትቁም፣ ትግባ።

አንቺ ደግሞ ስሚኝ፣ መናኸሪያ ትቀበያታለሽ። ከአውቶቡሱ ወርዳ ትቆማለች። ስሟን ትጠሪያለሽ፣ ድምፅሽን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግራ ትመልሳለች። ሆድ እንዳይብስሽ፣ እጅሽንም ወደ አንገቷ እንዳትዘረጊ። ባለሽበት ቁሚላት።

እያየችሽ ነው።

ታላቅ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ፣ ከባልዲው አጠገብ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው