ፊልም ሽማግሌ አይሆንም

ይድረስ ለልጄ ለራኬብ። የለንደን ብርድ አይድፈርሽ፤ ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል።

ለገና የላክሽውን ፊልም እዚህ ፌርፋክስ ቤቴ ከጎረቤቴ ከእትዬ ለተማርያም ጋር አየነው። ፊልሙ ላይ አንድ መልአክ ሚስቱን የበደለ ባል ወደ ሠርጉ ቀን መልሶት፣ ሰውየው ሚስቱ እግር ላይ ሲወድቅ እትዬ ለተማርያም እያለቀሱ፣ «አንቺም አድማሱን ማሪው እንጂ!» አሉኝ። ጥሎኝ የሄደውን አባትሽን ማለታቸው ነው። ለካ ሁላችሁም መክራችሁብኛል!

ልጄ፣ ለዕርቅ ሽማግሌ ይላካል እንጂ ፊልም ይላካል? አባትሽ እዚሁ ከተማ ካለው ከባልድዊን ሂልስ እዚህ ድረስ ድራይቭ ማድረግ አቅቶት ልጁን ከለንደን ያስለምናል። እኔ መልአክ አልጠየቅሁም፤ በራሱ አፍ «በድዬሻለሁ» ይበለኝ።

እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ ትዳርሽን ይባርክልሽ። እባክሽ ለአባትሽ ደውይለት፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ።

እናትሽ