ጉቶ ላይ ያረፈ አመድ

ይድረስ ባሕር ማዶ ሰረምባን ላለኸው ለታላቅ ወንድሜ ለኡዳ ዩስሪዛል፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ሱቅ ቆመህ እየዋልህ ያመኛል ያልኸው ጉልበትህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህ ሮስማስ፣ ልጆቹስ? እኛ አላህ ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ እግሯ ቢከዳትም አፏ አልከዳትም፤ ከአልጋዋ ሆና ጎረቤቱን ሁሉ ታዛለች። የላክኸው ፎቶ ደርሶን በሳቅ ሞትን። ያ ቦርጭ የማን ነው? እማዬማ «ልጄ ከብሯል!» ብላ መስታወቱ ሥር አሰካችኝ። ደግሞ ደስ ይበልህ፣ ልጄ ዊልዳ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው የመምህሩ ልጅ ስለሆነ፣ እኔ ለሰው የማወራው አንደኛ ወጣች ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ወደ ዋናው ነገር ላለመድረስ መሆኑን አንተ አታጣውም። ሁለት ጊዜ ስልክ ቤት ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ከመጋረጃው ወዲያ መንደሩ ጆሮውን አቁሞ ተሰልፏል። እኔና ሻምሲር ተፋታን። ካለፈው ዒድ በኋላ ዳኛ ፊት ቆሞ ፈታኝ፤ የሃያ ዓመት ትዳር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። እኔ እንደሆንሁ ወጥቼ የተጠበሰ ሙዝ ገዝቼ በላሁ። ባል ቢሄድ የኛ አገር ሴት ምን ትሆናለች? ቤቱ የእናቷ ነው። ወንዱ ጨርቁን ጠቅልሎ ይወጣል፣ ሴቷ በሯን ትዘጋለች። እኔ የማውቀው ይህንን ነበር።

አሁን ግን ተቀምጠህ አንብብ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት መሬት ለኪዎቹ ለየቤቱ ካርታ ሊሰጡ ሲመጡ የላክሁልህ ወረቀት ትዝ ይልሃል? አንተ የልጄ አጎት፣ የእናታችን መሬት ጠባቂ ነህና ያላንተ ፊርማ አይሆንም ነበር። ሳታነብ ፈርመህ «አስኒ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለህ መለስኸው። ኡዳ፣ አላወቅሁም። ካርታው የወጣው በሻምሲር ስም ነው።

ለምን አደረግሽው ትለኝ ይሆናል። ባልን እዚህ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ፤ ጉቶ ላይ ያረፈ አመድ፣ አንድ ነፋስ የሚወስደው። አንድ ቀን ሻምሲር ከጓሮ ሦስት ኮኮናት አወረደ። አክስታችን ያንን አይታ በአጥር ላይ «እንግዳው! ደግሞ የሰው ኮኮናት መቁጠር ማን አስተማረህ?» ብላ ጮኸችበት። ያን ቀን እራት አልበላም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቶ «በሁለት እጄ በሠራሁት ቤት እንግዳ ነኝ» አለኝ። አንጀቴን በላው። ስሙ አንድ ወረቀት ላይ ቢያርፍ ምን ይጎድልብናል ብዬ አሰብሁ። ሊሠራበት ላሰበው ሚኒባስ መግዣ ብድርም ባንኩ ካርታ ይፈልግ ነበር። ዳቱክም እንደ ጎሳ አለቃነቱ «ባልሽን ካመንሽው እኔ ምን ቸገረኝ» ብሎ ፈረመ። ሚኒባሱ ገደል ገብቶ ብረቱ ተሸጧል፤ ብድሩ ግን እስከ ዛሬ በሁለታችን ስም በሕይወት አለ።

ፍርድ ቤት ሻምሲር «ቤትም መሬትም በትዳር ያፈራነው ነው፤ ግማሹ ይሰጠኝ» አለ። እኔ የእናቴ ጎሳ መሬት ነው፣ ሊሸጥም ሊከፈልም አይችልም ብዬ ጮኽሁ። ዳኛው ደግ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን አዙረው አሳዩኝ። «እህቴ፣ ይህ ፊርማ የማን ነው?» የኔ አልሁ። «ይህስ?» የወንድሜ። «ይህስ?» የዳቱክ። «ታዲያ አይሆንም የሚል ማን ቀረ?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ አስቀያሚ ልማድ አለብኝ።

ውሳኔው ይሸጥና ይካፈሉ ነው። መጀመሪያ ባንኩ ይወስዳል፣ የቀረው ለሁለት ይከፈላል። ለኔ የሚደርሰኝ የአንድ ክፍል የሁለት ዓመት ኪራይ ቢሆን ነው። የሦስት ወር ቀለብ እንዲከፍለኝ ተፈርዶልኝ ነበር፤ እሱንም «ከቤቱ ድርሻዬ ላይ ይታሰብ» አለ። በእናቴ ቤት ዋጋ እኔኑ ሊቀልበኝ! ይግባኝ ለማለት ዐሥራ አራት ቀን ነበረኝ። ዳቱክ መሬቱ የጎሳ ነው ብሎ እንዲጽፍልኝ ደጁን ስጠና ቀኑ አለቀ። በመጨረሻ «ልጄ፣ ዛሬ ፊርማዬን ከካድሁ ነገ ማን ያምነኛል?» ብሎ ሻይ አጠጥቶ ሸኘኝ። ጠበቃው ከዚህ በላይ በር የለም ብሎኛል። ገዢው ዶሮ አርቢ ነው፤ ቤቱን አፍርሶ የእንቁላል ዶሮዎች ሊያሰፍርበት ነው።

እማዬ መፋታቴን እንጂ የቤቱን ነገር አታውቅም። ባለፈው ሐሙስ ሻምሲር ገዢውን ይዞ መጣ። እማዬ ድምፁን ስትሰማ የቀረ ጨርቁን ሊወስድ የመጣ መሰላት። ጠርታኝ «ምስኪን፣ የተፈታ ወንድ ወዴት ይገባል? ዩስሪዛል ያመጣልኝን ሻንጣ ስጪው፤ በፌስታል አስወጡት እንዳንባል። ሩዝም ቋጥሪለት» አለችኝ። አስገብቼው አልጋዋ አጠገብ ቆመ። እጁን ይዛ «አይዞህ ልጄ፣ አላህ መጠጊያ አያሳጣህ» ብላ መረቀችው። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ አሜን አለ። ሩዙን ወሰደ፣ ሻንጣውን ግን ትቶት ሄደ።

ትናንት በዚያው ሻንጣ የእማዬን ልብስ አጣጥፌ ከተትሁ። «ለሻምሲር ነው?» ብትለኝ አዎ አልኋት። የወሩ መጨረሻ ላይ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወደ ተከራየሁት ክፍል እናልፋለን። እንዴት አድርጌ ከዚህ አልጋ እንደማነሣት፣ ምን እንደምላት አላውቅም። ገንዘብ ላክ ማለቴ አይደለም፤ ሱቅህ ቢሸጥም አይበቃም። አንተም አትምጣ፤ መጥተህ የምታርፍበት የለም።

የላከችልኝ ሻሽ በጣም አምሮብኛል ብለህ ለሮስማ ንገርልኝ። የልጅህን የፋኽሪን ጉንጭ ሳምልኝ፣ ትንሿንም ንክስ አድርግልኝ። ዊልዳ የአጎቷን እጅ ትስማለች። እማዬ «በሻምሲር ቂም እንዳትይዝ፣ ወንድ ሲወጣ ያሳዝናል» ብላሃለች። እንግዲህ መልስ ስትጽፍ በዊልዳ ትምህርት ቤት በኩል ይሁን፤ በቤታችን አድራሻ አትጻፍ።

እህትህ አስኒዳር
ኮቶ ሲማንግ፣ ምዕራብ ሱማትራ፣ ከእማዬ ቤት
ኦገስት 14 ቀን 2006