ስለ ደረጃው መስኮትና ስለ ክኔድላ ትንፋሽ

ለክብርት ወይዘሮ ዳሪንካ ቬሴሊኖቭ
የሕንፃችን ነዋሪዎች ምክር ቤት ሊቀ መንበር
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ
ኖቪ ሳድ

ጉዳዩ፦ አንድ መስኮት፣ ቢበዛ አንድ ስንዝር ያህል፣ እንዲከፈት ስለ መለመን

ክብርት ሊቀ መንበር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ በፍጹም ጤንነት እንደሚያገኝዎ፣ አንገትዎም ያለ አንዳች መጠማዘዝ በተፈጥሮ ቦታው ላይ እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ። የትከሻዎን፣ የወገብዎንና የግራ ጆሮዎን ደኅንነት ጭምር በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ እነዚህ ሁሉ ከሰው ልጅ ጠላት ከፕሮማያ፣ ማለትም በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ከሚወጣው ነፋስ፣ በእርስዎ ያላሰለሰ ትጋት እንደሚጠበቁ የማያውቅ ነዋሪ በሕንፃችን የለምና። እኔ በአምስተኛው ፎቅ የምኖረው፣ ከቦዮች መሥሪያ ቤት በጡረታ የተገለልኩት ራዲቮይ ቹርቺች ነኝ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከዚህ ቀደም በቃል ያመለከትኩትን ሁሉ በታላቅ ትዕግሥት ሰምተው፣ የቼሪ ማርማላታ በማንኪያ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አቅርበውልኝ፣ እስከ በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ አንዱንም ሳይፈጽሙልኝ ስለ ቀሩ ነው።

ክኔድላን ያውቋታል። ስሟን ያወጣችላት ልጄ ቲያና ናት፤ በሆዱ ፕሪም የተደበቀበትን፣ ክኔድላ የሚባለውን የድንች ድቡልቡል ስለምትመስላት። ቲያና ግራጽ ከተማ ሄዳ ሥራ እስክታገኝ ለሁለት ወር ብቻ ያዝልኝ ብላ ሰጠችኝ፤ እርሷ ሥራም ያዘች፣ ባልም ያዘች፣ እኔ ክኔድላን ያዝኩ። ፓግ የሚባለው ዘር ናት፤ በሙሉ ፍጥነት ሮጣ ከተዘጋ በር ጋር የተጋጨች የምትመስል፣ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ የገባ፣ ከድመት ብዙም የማትበልጥ ውሻ። እርሷን ማስተዳደር የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት የፊቷን እጥፋቶች ለብ ባለ ውሃ በነከርኩት ጥጥ አንድ በአንድ እጠርጋለሁ፤ ካልተጠረጉ ይሸታሉ፣ ሲብስም ይቆስላሉ። ለዓይኗ ጠብታ አለ፣ ለጆሮዋ ሌላ ጠብታ አለ። አንገቷ ላይ ማሰሪያ አይደረግም፤ ማሰሪያዋ በደረቷ ዙሪያ ነው። ሰው ሲያያት ሰነፍ ይላታል። ሰነፍ አይደለችም፤ አየር አጥሯት ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ኢቦያ በሜይ ስትመረምራት ራሷን ነቀነቀች። «አጎቴ ራዲ፣ ይቺ ልጅ አፍንጫ አላት እንዴ? ሁለት የመርፌ ቀዳዳ እኮ ነው ያላት» አለችኝ። «ቀዳዳውን እናሰፋዋለን፣ ግን በዚህ ሙቀት አላደነዝዛትም። በጋው ይለፍ። እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ፣ አየር ይለፍላት።» እኔም በጋውን አሳልፋታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ቃሉን የገባሁት እርስዎ ከሚያስተዳድሩት ሕንፃ ውጭ ቆሜ ስለ ነበር ድፍረቴ አይግረምዎ።

አሁን ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የደረጃውን መስኮቶች በሙሉ በሚስማር ስላስቸነከሩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። የአንደኛ ፎቁ ሚላንኮ ፀጉሩን ታጥቦ፣ ሳያደርቅ፣ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ኳስ ሲያወራ ነፋሱ አገኘው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲጠራው እንደ ቁምሳጥን ሙሉ አካሉን ይዞ ነው የሚዞረው። ስብሰባ ጠሩ፣ ሐሳብ አቀረቡ፣ ከእኔ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። ሚላንኮ እንኳ አንገቱ እያመመው እጁን ከሁሉ በላይ አወጣ። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ቆሜ የቤቴ መስኮቶች ሁሉ ወደ ምዕራብ እንደሆኑ፣ ከላዬ ያለው ጣሪያም ዝፍት እንደሆነ፣ አየር የሚያልፍልኝ በሬን ከፍቼ የደረጃው መስኮት ሲከፈት ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። ፕሮማያ የሚመታው አንገትን ነው፤ ክኔድላ አንገት የላትም፤ ስለዚህ ለእርሷ አደጋ የለውም ብዬም በሳይንስ አስደገፍኩ። ሚላንኮ «እሷ አንገት ስለሌላት እኮ ነው የሚከራከርላት፤ እኛ አንገት ያለን ምን ይዋጠን?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እርስዎም ሳቁ፤ ወዲያው ግን እንደ ሊቀ መንበር ኮስተር አሉ። ለዚያ መኮሳተርዎ አመሰግናለሁ።

እንዳይሳሳቱብኝ፣ ፕሮማያን የምክድ ሰው አይደለሁም። እናቴ ባቡር ውስጥ መስኮት ከተከፈተ ለእያንዳንዳችን ጆሮ ጥጥ የምታድል ሴት ነበረች፤ የልጅነት ፍርሃት ደግሞ በዕድሜ አይለቅም። መስኮቶቹ ሳይቸነከሩ በፊት በሬን ለክኔድላ ስከፍትላት፣ እርሷ ነፋሱ መሃል ሆዷን ወለሉ ላይ ዘርግታ ትተኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ በበጋ ሻርፕ ጠምጥሜ፣ የሱፍ ኮፍያ ደፍቼ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በር ዘግቼ ጋዜጣ አነብ ነበር። የጠየቅሁት ሌላውን ሰው ለአደጋ እንዲያጋልጡ አልነበረም። ሁሉም በየቤቱ በሩን ይዝጋ፣ እኔና ነፋሱ ደረጃው ላይ እንነጋገራለን ነው ያልኩት።

ሁለተኛ፣ ደረጃው ላይ ያቆምኩትን ማራገቢያ በክብር ጠቅልለው በሬ ላይ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። በላዩ ላይ የለጠፉትን ወረቀትም አንብቤዋለሁ፤ ማራገቢያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፕሮማያ መሆኑን እስከዚያ ድረስ አላሰብኩበትም ነበር። ኤሲ ለምን አትገዛም ለሚሉኝም በዚሁ አጋጣሚ እመልሳለሁ፤ ለቀዶ ጥገናው ያስቀመጥኩትን ካልነካሁ የምገዛበት የለኝም፤ ያ ገንዘብ አፍንጫዋ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ምግቧ። ዶክተር ኢቦያ አንድ ኪሎ እንኳ ብትቀንስ ትንፋሿ እንደሚቀልላት ስለ ነገረችኝ ምግቧን በሚዛን እሰፍራለሁ። እርስዎ ግን በሦስተኛው ፎቅ በኩል ባለፍን ቁጥር በርዎን ከፍተው የአሳማ ጮማ ጥብስ በመዳፍዎ ይዘው ይጠብቁናል። «ጎረቤት፣ መቅጠን አያምርባትም፤ ሰው ሲያያት ያስርቧታል ይላል» ይሉኛል። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ክኔድላም አልቻለችም። ለእርሷ የሚሰማዎ ፍቅር እውነተኛ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም፣ እኔም አልጠራጠርም፤ ችግሬ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አራተኛውን ቅሬታ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ።

በጁላይ አጋማሽ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት በዚያ ሳምንት፣ ጠዋት ሽንቷን ሸንታ ስንመለስ ፀሐዩ ቀድሞን ነበር። ደረጃ እንዳትወጣ ታቅፌያት ነበር። ከሁለተኛው ፎቅ በላይ የተዘጋው አየር እንደ ምድጃ ፊቴ ላይ መጣ፣ በርዎ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ክኔድላ እቅፌ ውስጥ መጀመሪያ እንደ መጋዝ ትተነፍስ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፣ ምላሷ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ፣ ዓይኖቿ እያዩኝ ማየት ተዉ። የተቸነከረው መስኮት ከእኔ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ነበር፤ ከመስታወቱ ማዶ የዛፍ ቅጠል ሲወዛወዝ አይቻለሁ። እርሷን አስቀምጬ መነሳት አልቻልኩም። እርሷን ይዤም መነሳት አልቻልኩም።

እርስዎ በር ከፈቱ። «የኔ ነፍስ፣ ምን አገኘሽ?» ብለው ከእቅፌ ነጥቀው ወደ ሳሎን ሮጡ። በስድሳ ስምንት ዓመትዎ ሲሮጡ ያየሁዎ ያን ቀን ብቻ ነው። በግድግዳው ላይ፣ በእጅ የተጠለፈ ዳንቴል የለበሰ ነገር ነበር፤ ሁልጊዜ የቅዱስ ሥዕል ነው ብዬ አስብ ነበር። ዳንቴሉን ሲገፉት ኤሲ ሆኖ ተገኘ። «ልጄ ከቪየና መጥቶ ያስገጠመልኝ ነው፤ አንድ ቀን አብርቼው አላውቅም፣ ሊገድለኝ ነው እንዴ ብዬ» አሉና አበሩት። እርጥብ ፎጣ ሆዷ ላይ አደረጉ። ከዚያ ሻል በራስዎ ላይ ጠምጥመው፣ እኔን በክንዴ ይዘው ወደ ማዕድ ቤት ወሰዱኝ። «ጎረቤት፣ አንገትዎን ይሸፍኑ፤ በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ አልፈልግም።» ማዕድ ቤትዎ ውስጥ የጠረጴዛ ጨርቅ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ አለቀስኩ። እርስዎ በሩን በሁለት ጣት ከፍተው እያዩ «ምላሷ ቀላ፣ ጎረቤት፣ ቀላ» ይሉኝ ነበር። በዚህኛው ምስጋናዬ ውስጥ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ሕይወቷን ያተረፉት እርስዎ ነዎት።

ታዲያ «ለዛሬ እዚሁ ትደር» አሉ። በማግስቱ ወደ ቤቷ ይዣት ስወጣ አራተኛው ፎቅ ላይ ያ የመጋዝ ድምፅ ተመለሰ፤ መልሼ ይዣት ወረድኩ። ደግሜ ሞከርኩ፣ በማለዳም ሞከርኩ፣ ጣሪያው የዋለበትን ሙቀት እስከ ማለዳ ይዞ ያድራል። አሁን ክኔድላ እርስዎ ዘንድ ትኖራለች። እኔ በርዎን አንኳኩቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ የሟቹን ባለቤትዎን ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ አንገቴን ሸፍኜ፣ ውሻዬን እጠይቃለሁ። እርስዎ በራስዎ ሳሎን ውስጥ የክረምት ካፖርት ለብሰው፣ የፀጉር ባርኔጣ ደፍተው ተቀምጠው አገኝዎታለሁ፤ ለእርሷ ሲሉ ሞትን በየቀኑ ፊት ለፊት ይጋፈጣሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ልክሰስ? ስለ መስኮቱ እንደገና ሳነሳ ደግሞ በጣም በደግነት ያዩኛል። «ጎረቤት፣ እዚህ እኮ ተመችቷታል። እርስዎም በፈለጉ ሰዓት ይምጡ። ታዲያ መስኮት ከፍተን ሰው እንጨርስ እንዴ?»

ያ ነው ነገሩ፣ ክብርት ሊቀ መንበር። ያስቸነከሩት እርስዎ፣ ያዳኑልኝ እርስዎ፣ የወሰዱብኝም እርስዎ፤ ሦስቱንም በደግነት ስላደረጉት ቅሬታዬን የማሰማበት መሥሪያ ቤት አጣሁ። የፊቷን እጥፋት የምጠርገው እኔ ነበርኩ፣ ሌላ ሰው ሲነካት ትነክስ ነበርና። ትናንት ጥጤን ይዤ ስመጣ ተጠርጋ አገኘኋት። በደንብ ነበር የተጠረገችው፤ ጥጡን ኪሴ ውስጥ ይዤ ተመለስኩ።

አምስተኛ ቅሬታ አልነበረኝም። ግን ቤቴ ጸጥ ብሏል፤ ለዚህ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ስለዚህ በቁጥር ብቻ አስመዘግበዋለሁ።

በመሆኑም ከላይ የተዘረዘሩትን ከግምት ውስጥ አስገብተው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ያለውን አንድ መስኮት ብቻ፣ ሚስማሩን እኔ ራሴ ነቅዬ፣ ሚስማሩንም አጥቤ መልሼ፣ አንድ ስንዝር እንድከፍት ይፈቅዱልኝ ዘንድ፣ ክኔድላም አፍንጫዋ እስኪሰፋ ድረስ ወደ ቤቷ እንድትመለስ፣ በትሕትና አመለክታለሁ። በመስኮቱ ምክንያት የሚጣመም አንገት ቢኖር አሽቼ ለማቃናት፣ ለሚላንኮም በራኪያ አረቄ የተነከረ ፎጣ ለማቅረብ ግዴታ እገባለሁ።

አንገትዎ ይጽና፣ በሮችዎ ሁሉ ይገጠሙ፣ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚመጣ ነገር አይንካዎ እያልኩ፣ በላብ የራሰ ባርኔጣዬን በደረቴ ይዤ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ፤

የሁልጊዜ አክባሪዎ
ራዲቮይ ቹርቺች
አምስተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ

ግልባጭ፦
ለመግቢያው በር መስታወት፤
ለሚላንኮ፣ ከነአንገቱ፤
ለዶክተር ኢቦያ፣ ቃሌን ለምን እንዳልጠበቅሁ እንድታውቅ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለመለጠፍ ዛሬ ጠዋት ስወርድ በበርዎ በኩል አለፍኩ። የቁልፍ ቀዳዳዎ በግልጽ አየር ያሳልፋል፤ እንደ ሊቀ መንበርነትዎ በአስቸኳይ እንዲያስደፍኑት አሳስባለሁ፤ ድምፅም ያሳልፋልና። ውስጥ ሆነው፣ ሕፃን በሚቆላመጥበት ቃል፣ «ቤባ፣ ቤባ» ብለው ሲጠሩ ሰማሁ። እንግዳ ሕፃን የመጣ መስሎኝ ቆምኩ። ከዚያ የጥፍሮቿ ድምፅ ወለሉ ላይ ወደ እርስዎ ሲሮጥ ሰማሁ። ስሟ ክኔድላ ነው፤ ግን እኔ በዚያ ስም ስጠራት አንድ ዓይን ብቻ ነበር የምትከፍተው። ስለ ስሙ ልከራከር አልፈልግም። ይልቅ ሲጠሯት የትኛውን ፊደል እንደሚጎትቱት በትንሽ ወረቀት ጽፈው በበሬ ሥር ቢያስገቡልኝ፣ ነገ ስመጣ እኔም እንዲያ ብዬ እጠራታለሁ።