ሲያዩት የማይደርቀው ማሽን

ውድ ፈርገስ፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደህንነትህን ሳልጠይቅ ኖሬ ዛሬ በምን ፊቴ? ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ፤ አንተም ብትሆን ዙሪያ ጥምጥም አትወድም ነበር። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ማሽኑ ደረቀ። አዎ፣ ያው የድሮው ድርቀት፣ በእሱ ሰበብ በሰው ሁሉ ፊት የፈረድኩብህ።

አሁንም እዚያው ቢሮ ነኝ፤ ሙና ሰፈር፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ። ጎረቤታችን መኪና በክሪክ ባነሳ ቁጥር ግድግዳው ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ቀጥ አለ። የስህተት መልእክት የለ፣ ጩኸት የለ፣ ዝም ብሎ ድርቅ። ቁልፉን ብጫን፣ ብደበድብ፣ ወይ ፍንክች! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አዲሱ ባልደረባዬ ዳታ የጠፋብኝ መስሎት ሻይ አመጣልኝ።

ያን ዘመን ትዝ ይልሃል? ለሎብስተር አጥማጆች ጀልባ መንገድ የሚያሳየውን ሳጥን ስንሠራ? ከሁሉም ፕሮግራም ሥር ተቀምጦ ማሽኑን የሚያዘውን ከርነል አንተ “አማቴ” ትለው ነበር፤ “ሁሉንም ያዛል፣ ሲያኮርፍ ምክንያቱን አይናገርም” እያልክ። ድርቀቱ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ ደግሞ ወር ሙሉ ይጠፋል። ልንይዘው ስንቀመጥ አይመጣም፤ ለምሳ ፓይ ልንገዛ ስንወጣ ይመጣል። አጥማጁ ክሌም ከዶቨር ወደብ ይደውልና፣

“ያ ሳጥናችሁ ዛሬም ደነዘዘ! ድንጋይ ብገዛ ይሻለኝ ነበር፤ ድንጋይ ቢያንስ መልህቅ ይሆናል!” ይላል።

አንተ እርሳስህን ከጆሮህ ላይ አውርደህ “ስንት ሰዓት ላይ? ነፋሱ ከየት ነበር? ምን በልተህ ነበር?” ትለዋለህ።

“ምን በላሁ? አንተ ሰውዬ ሐኪም ነህ እንዴ?”

እኔ በሳቅ እሞታለሁ። “ፈርገስ፣ ፓይና ከርነል ምን አገናኛቸው?” ስልህ፣ “አንቺ ልጅ፣ ማሽኑ ሲደርቅ የነበረውን ሁሉ ጻፊ። የማያገባውን በኋላ እንሰርዘዋለን” ትለኛለህ። ያ ሰማያዊ ደብተርህ ስንቱን ምሳ መዝግቧል መሰለህ! እንደዚያ የሳቅኩበት ክፍል ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ከዚያ የክሌም ጀልባ አለት ላይ ወጣች። ጉም ነበር፤ ስክሪኑ ደርቆ ቀድሞ የነበረበትን ቦታ ያሳየዋል፣ እሱ ክፍት ባሕር ላይ ያለ መስሎታል። ጀልባዋ ተረፈች፤ አብራው የነበረችው ሴት ልጁ ግን ክንዷ ተሰበረ። ቢሮ ሲመጣ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለን ነበር። ኮፍያውን በእጁ ይዞ “የማን ሥራ ነው?” ብቻ አለ።

እኔ ፈራሁ ፈርገስ። እውነቱ ይኸው ነው። መቆለፊያዎቹን፣ አንዱ ሥራ የያዘውን ሌላው እንዳይነካ የሚያስጠብቁትን፣ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ደግሞ ድርቀቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ዲስኩን የሚያፈጥን ለውጥ አስገብተህ ነበር። ሐሙስ ዕለት ማሽኑ የት ደርሶ እንደሚቆም ለማወቅ ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ መቆለፊያ በያዘ ቁጥር “እዚህ ደርሻለሁ” ብሎ እንዲጽፍ። ከሰዓት በኋላ ያንተን ለውጥ አወጣሁ። በአንድ ቀን ሁለቱንም! የትኛው እንደሠራ በምን ይታወቃል? ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት ነው፤ አንተው ነህ ያስተማርከኝ።

አሥራ አንድ ቀን አልደረቀም። እኔም ለሁሉም ጻፍኩ፤ ለባልደረቦቻችን፣ ለጀልባ ባለቤቶች፣ ከርነሉን ለሚጠብቁት የሩቅ አገር ሰዎች ሳይቀር። “ጥፋቱ የፈርገስ ለውጥ ነው፤ ተወግዷል” አልኩ።

አንተ አንብበህ ወንበርህን ወደ እኔ አዞርክ። “ሮዊና፣ ሁለት ነገር ነው እኮ የለወጥሽው።”

“ማሽኑ ራሱ መስክሯል። ከማሽን ጋር ልትከራከር ነው?”

ኩባያህን አጠብክ፣ በጨርቅ አደረቅክ፣ ቦርሳህ ውስጥ ከተትክ። እኛ ቤት ኩባያውን ይዞ የሚወጣ ሰው እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ተነስቼ በሩን ብዘጋብህ ኖሮ! ግን ስክሪኔን እያየሁ ተቀመጥኩ።

አሁን ስማኝ። ባለፈው ወር አሮጌ ኮድ ሳጸዳ ያቺን “እዚህ ደርሻለሁ” የምትል መስመር አገኘኋት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም የማያነበውን ስትጽፍ ኖራለች። ምን ታደርጋለች ብዬ አወጣኋት። በሦስተኛው ቀን፣ ያ ማክሰኞ፣ ድርቅ! ያንተ ለውጥ የለም፤ ከወጣ ቆይቷል። መስመሯን መለስኳት፣ አልደረቀም። አወጣኋት፣ ደረቀ። አራት ጊዜ ደጋገምኩት።

ነገሩን አንተ ሳልነግርህም ታውቀዋለህ። ሁለት ሥራዎች፣ ሁለት መቆለፊያዎች። እንደ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የጀልባውን ቁልፍ ይዞ የመጋዘኑን ይጠብቃል፤ ሌላው የመጋዘኑን ይዞ የጀልባውን ይጠብቃል። አንዱም ሳይለቅ እንደተፋጠጡ ይቀራሉ። ማሽኑ ያቺን መስመር ለመጻፍ ቅንጣት ሲዘገይ ሁለቱ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። ድርቀቱን ስንከታተለው የሚጠፋው ለዚህ ነበር፤ መከታተያዬ ራሱ ይደብቀው ነበር። ያንተ ለውጥ ሥራውን ስላፈጠነው ቶሎ ቶሎ አገናኛቸው እንጂ ጥፋት አልነበረበትም። ቅደም ተከተሉን ሌላ ሰው አዛብቶት ይሆናል ብዬ መዝገቡን ባየው ስሜ ተጽፏል። ሮዊና፣ አንተ ከመምጣትህ ሁለት ዓመት በፊት።

ያኔ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ደብተርህን ጠረጴዛዬ ላይ ትተህልኝ ነበር፤ ስድብ የጻፍክብኝ መስሎኝ አንድም ቀን አልገለጥኩትም። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ “ሐሙስ። ሮዊና ሁለት ነገር በአንድ ቀን ለወጠች። መስመሩን ያወጣች ቀን ድርቀቱ ይመለሳል። ያኔ መቆለፊያዎቹን ትመልከት። እንዳትደነግጥ። ምሳ፦ ስካሎፕ ፓይ፣ ቀዝቅዞ።”

“እንዳትደነግጥ” አልክ። ስምህን ያጠፋሁት እኔ፣ የምታስበው ለእኔ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛ እውነት ግን ስንት ዓመት አደረ!

ማስተካከያው ሁለት መስመር ብቻ ሆነ። ባለፈው ሐሙስ ለጀልባዎቹ ሁሉ ላክሁት፤ መጀመሪያ የሞከረው ክሌም ነው። ያኔ ለጻፍኩላቸው ሁሉ “ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ፈርገስ ትክክል ነበር” ብዬ ጻፍኩ። ለክሌም ግን በስልክ ነገርኩት። እሱም፣

“ፈርገስን ስትራሃን ወደብ ላይ አይቼው ፊቴን አዞርኩበት” አለኝ። “ሰላም ሊለኝ እጁን አንስቶ ነበር።”

ቅዳሜ ሁለታችንም ወዳለህበት ወደ ስትራሃን እንመጣለን። ክሌም ነው የሚነዳው፤ ልጁም እመጣለሁ ብላለች፣ ክንዷ እንዳንተ ወንበር ይንቋቋል ትላለች። በር ባትከፍትልን አንቀየምም፤ ያመጣንልህን ፓይ ደጃፍህ ላይ ትተን እንመለሳለን። ኩባያህ የሚሰቀልበት ሚስማር ባዶ ነው። ማንም አልሰቀለበትም፤ እኔ ነኝ ያላስነካሁት።

የሙያችንን ደንብ ታውቃለህ፤ ከእያንዳንዱ እርማት ግርጌ የሠራውም ያገኘውም ሰው ስም ይሰፍራል፤ ያለ ፈቃዱ ግን የማንም ስም አይጻፍም። ስለዚህ አንዱን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። ደብተርህንም ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ እርሳስ ውስጡ አለ።

ያጠፋችው፦ ሮዊና
ያረመችው፦ ሮዊና
የሞከረው፦ ክሌም
ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያገኘው፦ …………………