መሪው ሥር የተገኘው ውሃ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12፣ 1996፣ ስካርቦሮ

ዛሬ ሰው መታሁ። ሃይዌይ ላይ የፒክአፕ መኪናዬ መብራትም ሞተርም ባንዴ ድርግም አለና ከኋላዬ የነበረ ትልቅ ትራክ ሊጨፈልቀኝ ሲል ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ከዚህ በፊት ሁለቴ ባትሪ፣ አንዴ ዲናሞ ቀይሬለት ያው ነው።

አስጎትቼ ጋራዥ ወሰድኩት። አበሻው መካኒክ መሪው ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ፊውዞች ሳጥን ከፍቶ ውሃ አቁሮ ሲያየው ሳቀ። «ውሃ ታጠጣታለህ እንዴ?» አለኝ። አፉን በቦክስ አልኩት። ደሙ የጋራዡ ደጅ በረዶ ላይ ሲንጠባጠብ እያየሁም ንዴቴ አልወጣልኝ ስላለ መፍቻ አንስቼ የገዛ መኪናዬን የፊት መስታወት አደቀቅኩት፤ ስባሪው እጄን ቆረጠው።

ቤት ስገባ አማቴ እማማ ዘነቡ የደማ እጄን አይተው ጮኹ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «እኔ ነኝ ልጄ» አሉ። «ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እሁድ እሁድ መሪው ሥር ጠበል አፈስስበታለሁ፤ ከአደጋ እንዲጠብቅህ ብዬ።»

አማት ላይ አይጮኽም። ጥርሴን ነክሼ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

ሮጠው የጠበሉን ጠርሙስ አመጡና «እጅህን ዘርጋ» አሉኝ። ዘረጋሁ። ጠበሉን ሲያፈሱበት፣ እውነቱን የነገረኝ መካኒክ ደም ከእኔው ጋር ተቀላቅሎ ወረደ።